እርጅና ብቻህን ና

በአገራችን ሽማግሎችና ባልቴቶች ዘንድ «እርጅና ብቻህን ና» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ቃሉ አጭር ቢሆንም ትርጓሜው ጥልቅ ነው። ሰው መሸበቱንና ፊቱ መጨማደዱን እንደማይቀር ዕዳ አድርጎ ተቀብሎታል፤ የሚፈራው ከእርጅና ኋላ ተከትሎ የሚመጣውን ጓዝ ነው። ጓዙም የጕልበት መክዳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የወገብ መጕበጥ፣ ከመኝታ ለመነሣት እንኳ የሰው እጅ መጠበቅ ነው። እንግዲህ አባቶቻችን እርጅና ሌላ፣ የእርጅና ጓዝ ሌላ መሆኑን ለይተው ዐውቀው ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ሁለቱን ቀላቀልናቸውና የስድሳ ዓመት ሰው ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ባየን ጊዜ «ዕድሜው ነው፤ ምን ይደረግ» ብለን እናልፋለን።

እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህ «ዕድሜው ነው» ከሚለው ቃል ጋራ ነው። ከእርጅና ጓዝ ውስጥ ብዙውን የሚያመጣው የዘመን ብዛት ሳይሆን የመቀመጥ ብዛት ነው። ጓዙንም መጫን የምንጀምረው በስድሳ ዓመታችን ሳይሆን በሃያና በሠላሳ ዓመታችን ነው። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ የሽማግሌ ጉዳይ ነው ብለህ ገጹን አትለፈው፤ የተጻፈው ላንተና ለእኅትህ ነው።

የምኖረው በለገጣፎ ነው። ለገጣፎ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዛሬ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሌሎቹ ጎረቤቶቿ ጋራ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላለች። ሩቅ ባልሆነ ዘመን አገሩ እርሻና ግጦሽ ነበር። የአገሩ ሰው ከብት ለማሰማራት፣ ገበያ ለመውጣት፣ ለቅሶ ለመድረስ፣ ታቦት ለመሸኘት ሁሉ በእግሩ ይሄድ ነበር። «እስፖርት እሠራለሁ» ያለ አልነበረም፤ ኑሮው ራሱ ያንቀሳቅሰው ነበርና። ዛሬ እርሻው የግንብ አጥርና የብረት በር ሆኗል። ባለ ቪላው በመኪና ወጥቶ በመኪና ይገባል፤ መኪና የሌለውም ዳቦ ለመግዛት ባጃጅ ይጠራል። መሬቱ ለቤት መሥሪያ የተወሰደበት ገበሬ ደግሞ ሞፈሩን ሰቅሎ ከደጃፉ ተቀምጧል። ያ የቀድሞው ኑሮ ድካምም ችግርም ነበረበትና ይመለስ አልልም። ነገር ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከእግረኛነት ወደ ተቀማጭነት ስንሻገር፣ ኑሮ በነጻ ይሰጠን የነበረውን እንቅስቃሴ በምን እንደምንተካው ማንም አልጠየቀም።

ለምን አልጠየቅንም? መቀመጥ በእኛ ዘንድ ክብር ስለ ሆነ ነው። ከፍ ያለ ሰው በእግሩ ሲሄድ ከታየ «ምነው፥ መኪናህ ተበላሸ?» ይባላል። አለቃ የገዛ ቦርሳውን ይዞ ደረጃ ከወጣ ያዋረዱት ይመስለዋል። ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ጌታው በበቅሎ ሲሄድ ሎሌው በእግሩ ይከተል ነበር፤ ዛሬ በቅሎዋ ብረት ሆነች እንጂ አስተሳሰቡ አልተለወጠም። ነገር ግን ያን ጊዜ «ከሁለቱ የማን ልብ ይበረታል?» ብሎ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ፣ መልሱ ጌታውን ባላስደሰተው ነበር።

ይህን የሚመስል ጥያቄ በሌላ አገር ተጠይቋል። በ1953 ዓ.ም. (የጥናቶቹንና የውድድሮቹን ዓመታት የምጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ጄሪ ሞሪስ የተባለ የብሪታንያ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ አንድ ጥናት አወጣ። የሎንዶን አውቶቡስ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ያን ጊዜ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳ ነበር፤ ትኬት ቆራጩ ግን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ሲመላለስ በቀን በመቶ የሚቈጠሩ ደረጃዎችን ይረግጥ ነበር። የሁለቱ ኑሮ ተቀራራቢ ነበር፤ የሚለያቸው አንዱ መቀመጡ ሌላው መንቀሳቀሱ ነበር። ወደ 31,000 የሚሆኑ የትራንስፖርት ሠራተኞች ሲመረመሩ፣ የልብ ሕመም ከትኬት ቆራጮቹ ይልቅ በሾፌሮቹ ላይ በዝቶ ተገኘ፤ ትኬት ቆራጮቹን በያዛቸውም ጊዜ ዘግየትና ቀለል ያለ ነበር። ኋላ ሾፌሮቹ ገና ሲቀጠሩ ጀምሮ ወፈር ያሉ እንደ ነበሩ ታወቀና ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር የተደረጉት ብዙ ጥናቶች ያንኑ የሞሪስን ሐሳብ አጸኑት።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው በ1966 በአሜሪካ አገር በዳላስ ከተማ የተደረገው ፈተና ነው። አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲቈዩ ተደረገ። ልባቸውና ሳንባቸው ለሰውነታቸው ኦክስጅን የማድረስ ችሎታቸው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ተለካ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ አምስት ሰዎች ዳግመኛ ቢለኳቸው፣ በሦስት ሳምንት መተኛት ያጡት ችሎታ በ30 ዓመት ዕድሜ ካጡት በልጦ ተገኘ። ሦስት ሳምንት ከሠላሳ ዓመት በለጠ! ከዚያም እነዚሁ የ50 ዓመት ጐልማሶች ለስድስት ወር ያህል ቀስ በቀስ በእግር መሄድ፣ መሮጥና ብስክሌት መንዳት ተለማመዱ፤ ዕድሜ የወሰደባቸውን ያንን ችሎታም መልሰው ወደ ሃያ ዓመታቸው ልክ ደረሱ። አምስት ሰው ጥቂት ነው ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ አምስቱ «ዕድሜው ነው» የሚለውን ፍርድ በይግባኝ አሸንፈውታል።

ነገሩ እንዴት ነው ቢባል፥ ሰውነታችን እንደ ቈጣቢ ነጋዴ ነው፤ የማይፈለግ ዕቃ በመጋዘኑ ማቈየት አይወድም። ጡንቻ ሥራ ካጣ እየመነመነ ይሄዳል። ሐኪሞች እንደሚሉት ሰው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ በየዐሥር ዓመቱ ከጡንቻው ከመቶ 3 እስከ 8 የሚደርሰውን ያጣል፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ያ ጡንቻ ለማማር ብቻ የተሰጠን አይደለም፤ ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚቀበል ዋናው ጎተራ እርሱ ነው። ጎተራው ሲጠብ ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል፤ የስኳር በሽታም መንገድ ያገኛል። አጥንትም ጭነት ካልተሰማው ይሳሳል፤ የሳሳ አጥንት ያለው ሰው አንድ ቀን ተንሸራቶ ቢወድቅ ዳሌው ይሰበርና ከዚያ ወዲያ ከአልጋ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ታዲያ ያን ሰው የጣለው ዕድሜው ነው ወይስ ሃያ ዓመት የተቀመጠበት ወንበር?

«እንግዲህ አንድ ጊዜ ካረጁ ወዲያ ምን ዋጋ አለው» የሚል ካለ፣ ይህን ይስማ። በ1990 በቦስተን ከሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆነ 10 ሰዎች ተመረጡ። ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት የማንሣት ልምምድ አደረጉ። ልምምዱን የፈጸሙት ዘጠኙ ሲሆኑ የእግራቸው ብርታት በአማካይ ከመቶ 174 ጨመረ፤ ይኸውም ከቀድሞው ወደ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ቀረው ማለት ነው። ከመካከላቸው ሁለቱ ምርኩዛቸውን ጥለው ሄዱ። ደግሞ በ2014 ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆነ 1,635 አሜሪካውያን በሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን በእግር መሄድንና ቀላል የሰውነት ማጎልመሻን አዘወተረ፤ ሌላው ስለ ጤና ትምህርት ብቻ ተሰጠው። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ሲጠበቁ፣ የተንቀሳቀሱት ወገኖች 400 ሜትር በእግር መሄድ እስኪሳናቸው የመድረስ አደጋቸው ከመቶ 18 ያህል ቀንሶ ተገኘ። ስለ ጤና መማር ብቻውን እግርን አላጸናም፤ እግርን ያጸናው መሄዱ ነው።

ምስክር ፍለጋ እስከ ባሕር ማዶ መሄድም አያስፈልገንም ነበር። ማሞ ወልዴ በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳደረ፤ በ1968 በሜክሲኮ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ1972 በሙኒክ ሦስተኛ ሲወጣ ደግሞ 40 ዓመት ሞልቶት ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጠ፤ በ2024 በሎንዶን በ41 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ወጣ። ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። እነዚህ እንደ ማንኛችንም ያልሆኑ ሰዎች መሆናቸውን ዐውቃለሁ፤ ዕድሜም ከእነርሱ ጥቂት በጥቂት መውሰዱ አልቀረም። ነገር ግን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ በሱሉልታ፣ በእንጦጦ፣ በሰንዳፋ ጎሕ ሳይቀድ ሯጮች በመንገድ ዳር ሲያልፉ እኛ በመኪና መስኮት እያየን «ጐበዞች ናቸው» እንላለን። በዓለም ፊት በእግራችን የታወቅን ሕዝብ ሆነን፣ የእግራችንን ሥራ ለጥቂት ልጆች በውክልና ሰጥተን በቴሌቪዥን ፊት እናጨበጭባለን።

እዚህ ላይ ሊሸሹት የማይገባ ተቃውሞ አለ። «ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት ከማንም ይልቅ ትንቀሳቀሳለች፤ ታዲያ ስለ ምን ወገቧ ቶሎ ይጐብጣል? ድንጋይ ሲያመላልስ የሚውለው የቀን ሠራተኛ ስለ ምን ሳያረጅ አርጅቶ ይታያል?» ይባላል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። መድኃኒትም ከልኩ ካለፈ ይጐዳል። ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም፣ ዕረፍት የሌለበት ቀን፣ በቂ ምግብ የሌለበት ማታ የሰውነት ማጎልመሻ አይደለም፤ ሰውነትን መብላት ነው። ሰውነት የሚጠነክረው ከሠራ በኋላ ሲያርፍና ሲመገብ ነው፤ ያች ሴት ግን የሥራው ክፍል ብቻ ደረሳት፣ ዕረፍቱና ምግቡ ተነፈጋት። ስለዚህ የእርሷ ጕብጠት ለተቀማጩ ምክንያት ሊሆነው አይገባም። ይልቁንም ሁለቱን ስናስተያያቸው የአገራችን ጕድለት ይገለጣል፤ ለአንዱ ወገን ሸክሙ በዝቶ፣ ለሌላው ጠፍቶ፣ ሁለቱም ያለ ጊዜያቸው ይጐብጣሉ። በጀርባዋ ላይ ያለው ሸክም እንዲቀልላት መታገል አንድ ግዴታ ነው፤ ከወንበር መነሣት ሌላ ግዴታ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያስቸኵልበት ምክንያት አለ። በ1990 በኢትዮጵያ የሚወለድ ሕፃን ይኖራል ተብሎ የሚገመተው ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ አሁን ከ65 ዓመት በልጧል። ክትባት፣ የእናቶችና የሕፃናት ሕክምና፣ የወባና የሌሎችም ተላላፊ በሽታዎች መቀነስ ይህን ዕድሜ ሰጡን። እጅግ ታላቅ ስጦታ ነው። ነገር ግን ሐኪም ዓመት ሊጨምርልን ቢችልም በዚያ ዓመት ቆመን እንሄድ ወይም ተኝተን እንጠበቅ የሚለውን ብቻውን ሊወስንልን አይችልም። የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ በሽታ በከተሞቻችን እየበዛ ነው። የጡረታ ገንዘብ ያለው ሰው ጥቂት በሆነበት አገር፣ በስድሳ ዓመቱ የወደቀ አባት የሚወድቀው በልጁ ትከሻ ላይ ነው። ይኸውም ባንተ ትከሻ ላይ ነው፤ ነገ ደግሞ አንተ በልጅህ ላይ።

ወደ ዋናው ክሴ ልመለስ። ክሱ በወጣቱ ላይ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው፥ አባትና እናታችሁን በፍቅር ስም ታሽመደምዳላችሁ። እናት ውሃ ለመቅዳት ስትነሣ «እማዬ አትድከሚ፤ እኔ አለሁልሽ» ይባላል። አባት ወደ ገበያ ለመሄድ ከዘራቸውን ሲያነሡ «አባባ አርፈው ይቀመጡ» ይባላሉ። በጎረቤቴ ያሉ አንድ አዛውንት፣ ልጆቻቸው ሶፋና ቴሌቪዥን ገዝተውላቸው፣ የእጅ ውሃ እንኳ ከተቀመጡበት ይመጣላቸዋል። ሰፈሩ ሁሉ «የተባረኩ ልጆች» ይላል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከእርፍ ኋላ የሄዱት እኚያ ሰው ግን፣ ዛሬ ከዚያ ሶፋ ለመነሣት ሁለት ሰው ይይዛቸዋል። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ የሚያከብሩ መስሏቸው ነው። ነገር ግን ክብር ማለት ትልቅን ሰው ሳይጠቀምበት የቀረውን እግር ማሳጣት ከሆነ፣ ንቀት ከዚህ የተሻለ በሆነ ነበር።

ይህን በጨዋታ አልናገርም። በ2012 የታተመ የብራዚል ጥናት ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 80 የሆነ 2,002 ሰዎችን ከወለል ላይ ቁጭ ብለው ያለ እጅ ድጋፍ እንዲነሡ ፈተናቸው። ከስድስት ዓመት በላይ ሲከታተሏቸው፣ በዚህ ነገር እጅግ የደከሙት ከበረቱት ይልቅ የመሞታቸው አደጋ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። መነሣት አለመቻሉ ራሱ ገዳይ ነው ማለት አይደለም፤ የተደበቀ ድካም ምልክትም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አያቶቻችን ይህን ፈተና በየቀኑ ይፈተኑት እንደ ነበር ልብ በሉ። በበርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ መነሣት፣ በቤተ ክርስቲያን መስገድ፣ በመስጊድ መስገድ፣ ምድጃ ዘንድ ቁጢጥ ማለት፤ ይህ ሁሉ ለነፍስና ለኑሮ ሲባል የሚደረግ ቢሆንም ለጕልበትም ይተርፍ ነበር።

ሁለተኛው ክስ፥ እናንተ ራሳችሁ እንቅስቃሴን የታይታ ነገር አደረጋችሁት። ሠርግ ሲደርስ ሁለት ወር ጂም ገብቶ፣ በመስተዋት ፊት ክንድን እየለኩ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ከሠርጉ ማግስት መተው የተለመደ ሆኗል። ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ መልካም በዓል ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን አንድ እሑድ ሮጦ፣ ካናቴራውን ለብሶ፣ 364 ቀን መቀመጥ በዓመት አንድ ቀን ጾሞ ጾመኛ ነኝ እንደ ማለት ነው። ሰውነት የሚቈጥረው ልማድን ነው እንጂ ትዝታን አይደለም። ከዳላስ ሰዎች ታሪክ የምንማረውም ይኸው ነው፤ በሦስት ሳምንት የሚጠፋ ነገር በትዝታ አይጠበቅም።

«ቦታ የለም» ትሉኛላችሁ። በዚህ በኩል እውነት አላችሁ። በሰፈራችን ልጆች ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ሜዳ ታጥሯል፤ ብዙው መንገድ የእግረኛ መሄጃ የለውም፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው፣ ሲመሽ ውሻው ያስቸግራል። ከተማ ሲሠራ ለመኪና ታስቦ ለእግር ያልታሰበ መሆኑን ሳልናገር አላልፍም፤ ይህን መጠየቅ የዜጋ መብት ነው። በ2018 መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው «መንገድ ለሰው» በተባለ ጊዜ ሕዝቡ ነቅሎ መውጣቱ የሚያሳየው ሰዉ እግሩን እንዳልጠላ ነው። ሆኖም ሜዳ እስኪሰጥ ድረስ ጕልበት አይጠብቅም። የባጃጁን መንገድ በእግር መሄድ ሜዳ አያሻውም፤ ከበርጩማ ያለ እጅ ድጋፍ ዐሥር ጊዜ መነሣት ሜዳ አያሻውም።

ልኩም ከባድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ትንሹን ብንወስድ ለአምስት ቀን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ማለት ነው። በዚህ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይጨመራል። ዕድሜው ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ደግሞ እንዳይወድቅ ሚዛንንና ብርታትን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ቢያደርግ ይበጀዋል። ደረቱን የሚወጋው፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ብዙ ዘመን የተቀመጠም ሰው በዐሥር ደቂቃ ይጀምር። ከምንም ጥቂት ይሻላል።

ይህን ሁሉ ብታደርግ አታረጅም አልልህም፤ እንዲህ የሚል ሰው ካገኘህ ሻጭ ነውና ኪስህን ጠብቅ። ጠጕርህ ይሸብታል፤ ዓይንህ መነጽር ይሻል፤ ከሚንቀሳቀሱም ሰዎች መካከል በድንገተኛ በሽታ የሚቀጠፉ አሉ። እንቅስቃሴ የሚያደርገው እርጅናን ማስቀረት ሳይሆን ከጓዙ ብዙውን በመንገድ ማስቀረት ነው። አባቶቻችን የለመኑትም ይህንኑ ነበር፤ «እርጅና አትምጣ» አላሉም፤ «ብቻህን ና» አሉ እንጂ።

ልመናው ግን ያለ ሥራ አይፈጸምም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ተብሏልና፣ አንተ ገና እርጥብ ሳለህ ጀምር። እናትህ ውሃውን ልትቀዳ ብትነሣ እንስራውን ከእጇ አትንጠቃት፤ ግማሹን ያዝላትና አብረሃት ሂድ። አባትህም ገበያ ልሂድ ቢሉህ ባጃጅ አትጥራላቸው፤ ጫማህን አድርገህ ከጎናቸው ተራመድ፤ ቢዘገዩም ታገሣቸው።